ባለቤቱን ያላየሁት ማኪና

ጻፊ እንግዲህ፤ አንቺው ነሽ የቆሰቆስሽኝ። ትናንት ስልክሽን ይዘሽ አጠገቤ ቁጭ ብለሽ፣ ባሕር ማዶ ሰው አውሮፕላን ሊሳፈር ሲል ማኪናውን እሚያቆምበትን ቦታ ቤቱ ተቀምጦ በስልክ ይይዛል አልሽኝ። ይያዝ፣ ምን ገዶኝ። ቀጠልሽና፣ ከባለ ግቢው ጋር ሳይነጋገር፣ የዚህን ግቢና የዚያን ግቢ ዋጋ እያስተያየ በሚያሳይ በሌላ አገናኝ በኩል ነው አልሽ። ያ ሌላውስ ግቢውን ረግጦት ያውቃል ወይ ብዬ ብጠይቅሽ ሳቅሽብኝ።

«ሰው አይደለም እኮ አያቴ፣ ስልክ ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

ባለ ማኪናውንስ ማን ያየዋል ብልሽ፣ ማንም ማየት የለበትም አልሽ። ሰዎች ስለ ግቢው የጻፉትን አስተያየት አንብቦ ይመርጣል አልሽ። የማያውቃቸው ሰዎች የጻፉትን! ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሆዴ አልወጣ አለ። እኔ እዚችው አዘዞ የሰው ማኪና ስጠብቅ ነው ጠጉሬ የሸበተው። አሁን ግቢው ተሽጦ ፎቅ እየወጣበት ነው፣ እኔም ጉልበቴ እምቢ ብሎኝ እናትሽ ቤት ተጠግቻለሁ። እንግዲህ ያየሁትን ልንገርሽ፤ ሳታሳምሪ ጻፊው።

መንግሥት በተለወጠ ማግስት ነው። ባሌ ወታደር ነበር፣ ከሄደበት አልተመለሰም። እናትሽ ገና ድክ ድክ ትላለች። መጀመሪያ ያገኘሁት ሥራ ከአውሮፕላን ሜዳው ከብት ማባረር ነበር። ያኔ ሜዳው ጠጠር ነው፣ አጥሩም አጥር አይባል። አውሮፕላን ሊመጣ ሲል ፊሽካ ይነፋል፤ እኛ ሴቶች አርጩሜ ይዘን ያገሩን በግና ጥጃ እንነዳለን። አንድ ቀን አንድ አህያ አልንቀሳቀስ ብሎኝ፣ አውሮፕላኑ ከራሴ በላይ ሲያጓራ እኔም አህያውም ቦይ ውስጥ ተጋደምን። ቀና ስል አህያው ሰፈሩ ገብቷል፤ እኔ ግን እስኪመሽ ጆሮዬ ጭው እንዳለ ዋለ። ከዚያ ሥራ የተረፈኝ ነገር ቢኖር የአውሮፕላኑን ድምፅ ከደመና በላይ ሳለ መለየት ነው።

አያ ኑሩን ያወቅሁት ያኔ ነው። አያ ኑሩ የጎንደር እስላም ነው፣ ከአባት ከአያቱ ጀምሮ ነጋዴ። አዘዞ ላይ በድንጋይ የታጠረ የእህል ማራገፊያ ግቢ ነበረው። አንድ የመተማ ነጋዴ አውሮፕላን ሊያመልጠው ሲል ማኪናውን እበሩ ላይ ገትሮ «አያ ኑሩ፣ አደራ» ብሎት ሮጠ። ሲመለስ ማኪናው ታጥቦ፣ ሸራው ተጣጥፎ አገኘው። ያ ሰው ለሌላው ነገረ፣ ሌላውም ለሌላው፤ እንዲህ እንዲህ እያለ እህሉ ወጣና ግቢው የማኪና ማደሪያ ሆነ። እኔን ለመጥረግ ቀጠረኝ። ደሞዙ ይኸ ነው አይባልም፤ ግን ጥጃ ከማሯሯጥ ይሻላል።

ቆይቶ የማኪና አያያዝ አስተማረኝ። ቀድሞ እሚመለሰው ወደ በሩ፣ እሚሰነብተው ወደ ውስጥ ይቆማል። ግቢው ወደ ወንዙ ያዘነብላልና ከጎማው ሥር ታኮ ሳያገቡ መሄድ ነውር ነው። ብዙ ለሚቆይ ማኪና የባትሪውን ሽቦ መፍታት ነው። ሰሊጥ ጭኖ የነበረ ከመጣ ደግሞ አንዲት ፍሬ ሳታስቀሪ መጥረግ ነው፤ ፍሬዋን ፈልጋ የመጣች አይጥ ሽቦውን ቆርጥማ ነው እምትሄድ። በረዶ ሲያስገመግም በመስታወቱ ላይ ጆንያ እንዘረጋለን። አውሮፕላኑን ገና ስሰማው ሞተሩን አስነሥቼ አሞቃለሁ። መንዳትስ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ ግን የአያ ኑሩ አቀባበል ነበር። ባለ ማኪናው እንደመጣ ቁልፉን አይቀበለውም። ከአሮጌ ካሚዎን የተነቀለ ወንበር ጥላው ሥር ነበረው፤ እዚያ ያስቀምጠዋል። የማን ልጅ ነህ ይለዋል። አገርህ ወዴት ነው፣ ቤት የታመመ አለ ወይ፣ አንተ ብትቆይ ማን ይምጣ። ሰውየው ዓይኑ ሰማይ ሰማይ እያየ ይቁነጠነጣል፤ አያ ኑሩ ደንታም የለው። ከዚያ አስነሥቶ በማኪናው ዙሪያ ያዞረዋል፤ ጭረት ባለበት ሁሉ ባለቤቱ በገዛ እጁ እንዲዳስስ ያደርገዋል። ባለቤቱ ያልነካው ጭረት ነገ የኛ ጭረት ነው ይለኝ ነበር።

አንድ ጊዜ አንድ ክራቫት ያሰረ ሰው ተቆጣው። ምነው ሽማግሌ፣ ልጅህን ልትድርልኝ ነው ወይ አለው።

«ላንተስ ልጅ አልድርም» አለው አያ ኑሩ። «ማኪናህን ግን ያለ ወገን አልቀበልም።»

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ከአዲስ አበባ እሚመለስ ሰው መጀመሪያ እሚረግጠው የኛን ግቢ ነው። እሱ በሄደበት ቤቱ ሰው ቢሞት መርዶው እሚጠብቀው እኛ ዘንድ ነው። ባገራችን ደግሞ መርዶ ለብቻው ለቆመ ሰው አይነገርም። ወገኑ ይሰበሰብና እህል ያቀምሱታል፣ ግራ ቀኙን ይይዙታል፣ ከዚያ ነው። መሪ ለጨበጠማ ጭራሽ። አንድ የጭልጋ ሰው እናቱ የሞተች ጊዜ፣ ወገኖቹ ወደ አያ ኑሩ ላኩበት፤ አያ ኑሩም ሰውየው ሲመጣ እዚያ ወንበር ላይ አስቀምጦ ስለ አንዲት በቅሎ ያወራለት ጀመር። በቅሎዋ ተሸጠች፣ ጠፋች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ጠፋች። ወገኖቹ በር እስኪገቡ ድረስ ወሬው አላለቀም። ሰውየው ከሰው መሀል ሆኖ ሰማ። እኔ ያን ቀን ነው ሥራችን ምን እንደሆነ ያወቅሁት።

አያ ኑሩ ሲያርፍ ግቢው ለልጁ ለሰይድ ሆነ። ሰይድ ሸጋ ልጅ ነው፤ ግን ከተማ የጨርቅ ሱቅ አለው፣ ልቡ እዚያ ነው። በዚያ ላይ አዘዞ ግቢ በዛ። አንዱ ጣራ ሠራ፣ አንዱ ማጠቢያ ጨመረ። ሞባይልም መጣ። ይኸኔ ነው ሞላ እሚባል ሰው ፒያሳ፣ ትኬት ከሚቆረጥበት አጠገብ፣ ጠባብ ቤት ከፍቶ የማኪና ማደሪያ ደላላ የሆነው። ይኸኛው ጣራ አለው፣ ይኸኛው ይረክሳል፣ ይኸኛው ይቀርባል እያለ ያማርጣል። ሰውየው ማኪናውን እዚያው ለሞላ ይሰጥና በታክሲ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል። ሞላ ማኪናዋን ወይ ለኛ ወይ ለሌላ ያመጣል፤ ቁልፉ ላይ ቁራጭ ፕላስቲክ ተንጠልጥሏል፣ ሌላ ምንም የለም። መጀመሪያ ቀን ደንግጬ፣ ባለቤቱስ ወዴት ነው ብዬ ብጠይቀው ሳቀ።

«ባለቤቱማ ሰማይ ላይ ነው እትዬ አትጠገብ።»

ሰይድን ነገርኩት። አሁን ጊዜው እንዲህ ነው፣ እኛ እምቢ ካልን ለጎረቤት ይሰጠዋል አለኝ። እሱም እውነቱን ነው። ሞላም ሌባ አልነበረም፤ ተጫዋች፣ አፉ የሚጣፍጥ ሰው ነው፣ ማኪና አያጎድልም፤ ለሚቸኩል ሰውም እረፍት ነው። እኔ ግን ማኪናዎቹን ስጠርግ እንግዳ ቤት የገባሁ ይመስለኝ ነበር። የማን እንደሆኑ አላውቅማ። ወንበሩም ባዶውን ይውል ጀመር።

ያች ቀን ኅዳር ነች፣ የሰሊጥ ወቅት። ሞላ የላካቸው ሁለት ነጫጭ ፒካፖች ግቢያችን ውስጥ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ ሁለቱም ባለቤቶች በአንድ አውሮፕላን ነው እሚመለሱ። አንዱ ላይ አረንጓዴ ሸራ በቀይ ገመድ ታስሯል፣ ሌላው ላይ ምንም የለ። አውሮፕላኑ ሊመጣ ሲል ስልኬ ጮኸ፤ ሞላ ነው፣ ድምፁ ተለውጧል። ከጎንደር ወዲያ፣ ትክል ድንጋይ የሚባለው አገር ሰውዬ አባቱ አርፏል አለኝ። ወገኖቹ ለመርዶ ወዳንቺ እየመጡ ነው፣ ቀብሩም እሱን ነው እሚጠብቅ፣ እስኪደርሱ ቁልፍ እንዳትሰጪው።

«የትኛው ነው? ሁለት ነው የላክህልኝ።»

«የትክል ድንጋዩ ነዋ!»

እኔ ፊቱንም አላውቀው አልኩ። ስልኩ ተቆረጠ። ብደውል ብደውል አይገባም። ኔትወርኩ ያን ሰዓት ጠፋ።

አሁን አስቢው ልጄ። አያ ኑሩ ቢሆን ገና ሲሄዱ የማን ልጅ ናችሁ ብሏቸው ነበር፤ ሲሄዱ ቢጠይቁት ወሬ ነው። ሲመለሱ፣ መርዶ እያለባቸው፣ እንዴት አርገሽ ትጠይቂያለሽ? አገርህ ወዴት ነው፣ ቤተሰብህ ማነው ማለት አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ገና አፌን ስከፍት ከፊቴ ላይ ያነበዋል። ስለዚህ በመንገዱ በኩል ልያዘው ብዬ አሰብኩ። ዛሬ ወዴት ነህ እላለሁ፤ ትክል ድንጋይ ያለኝን አስቀራለሁ።

መጀመሪያ የመጣው ቀጠን ያለ፣ ችኩል ሰው ነው። አረንጓዴ ሸራ ወዳለው ሄደ። ዛሬ ወዴት ነህ የኔ ልጅ አልኩት። ከተማ ነኝ፣ እምገዛው ነገር አለኝ አለኝ። ደስ አለኝ፤ እሱ አይደለም። ግቢው ለሐዘንተኛው ባዶ እንዲሆንልኝ ብዬ ቁልፉን በጄ ሰጥቼ፣ በሰላም ያግባህ ብዬ በሩን ራሴ ከፈትኩለት።

ሁለተኛው ወፈር ያለ፣ ሳቂታ ሰው ነው፤ ይርጋ እሚባል ነው፣ ስሙን ኋላ ነው ያወቅሁት። ወዴት ነህ ብዬ ብጠይቀው፣ ነገ ገበያ ስለሆነ ትክል ድንጋይ ወጥቼ አድራለሁ አለኝ። ባትሪው ደክሟል፣ እሚሞላው ሰው እየመጣ ነው አልኩና ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። እህል ሳይቀምስ መርዶ እንዳይሰማ ምሳ አቀረብኩለት። አልራበኝም ቢል ማልኩበት።

«እዚህ ማኪና ማቆም ምሳም አለው እንዴ እማማ?» አለኝ። «ሞላ ይኸን አልነገረኝም፤ ነግሮኝ ቢሆን ሳልበላ እመጣ ነበር።»

እየሳቅሁ አጎረስኩት። በልቤ ግን ይኸ ምስኪን እያልኩ።

ሐዘንተኞቹን የጫነችው አይሱዙ መጥታ በር ላይ ስትቆም ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ወረዱ። ይርጋ ጀርባውን ወደ በሩ ሰጥቶ ነው የተቀመጠ። ፊቱን እንኳ ሳያዩ ጀርባውን አይተው ለቅሶውን ለቀቁት። ዘወር አለ፤ ያን ሁሉ ሐዘንተኛ ወደሱ ሲመጣ አየ። ጉርሻው ከአፉ ወደቀ። «እናቴ!» አለና ደረቱን መትቶ መሬት ላይ ወደቀ። ሁለት ወንዶች ሮጠው ግራ ቀኙን ያዙት። ለካ እናቱን ማክሰኝት ላይ ታማ ነው የተዋት።

ከሐዘንተኞቹ መሀል አንድ ሽማግሌ፣ አያ ካሴ እሚሉት የሟቹ ወንድም፣ ሕዝቡን ገፋ ገፋ አርጎ መጣና ጎንበስ ብሎ የይርጋን ፊት አየ። ቀና ብሎ ደግሞ እኔን አየኝ።

«ይኸ ማነው? ይኸ የኛ ልጅ አይደለም።»

ለቅሶው በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ይርጋ መሬት ላይ ሆኖ፣ ማን ሞቶ ነው፣ እናቴ አይደለችም ወይ እያለ አንድ በአንድ ይጠይቃል፤ እናቱን እሚያውቅ የለ፣ ማን ይመልስለት። ኔትወርኩ ተመልሶ ነበርና ስልኩን አውጥቶ ደወለ። ያነሣችው ራሷ እናቱ ነች። ምነው ልጄ፣ ምን ሆነህ ነው ትንፋሽህ ስትለው ይሰማል። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ አለቀሰ።

የኛ ልጅ መልካሙስ ወዴት ሄደ አለኝ አያ ካሴ። ሄደ አልኩት፤ እኔው በር ከፍቼ ሸኘሁት። ቢደውሉ ስልኩ ዝግ ነው። እነሱ በከተማው ሲያልፉ እሱ ለካ ከሱቅ ውስጥ ነበር። አያ ካሴ ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ቤታችን ከአስፋልቱ ዳር ነው አለ፤ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ከላይ ከመታጠፊያው ቁልቁል ይታያል፣ ከሥሩ ገደል ነው። አባቱን ደህና ትቶ የሄደ ሰው፣ ብቻውን መሪ ጨብጦ፣ ከቤቱ በር ላይ ድንኳን ሲያይ...።

አይሱዙዋ ለዳገት አትፈጥንም። ይርጋ ተነሣ፣ ፊቱን በክንዱ ጠረገ። ግቡ አለን። እኔ ማኪናዋን ለይቼ ስለማውቅ አብሬ ገባሁ፣ አያ ካሴን በመሀል አስቀመጥነው። አዘዞን አልፈን፣ ከተማውን አቋርጠን፣ እያንዳንዱን ሱቅ በር ሳይ ዓይኔ ሊወጣ ደረሰ። ነጭ ፒካፕ ሞልቷል፤ አረንጓዴ ሸራ ግን የለ። በትክል ድንጋይ መንገድ ወጣን። ይርጋ አንድ ጊዜ፣ እኔ እንኳ እናቴ ሞተች ብዬ የቆየሁት ለጥቂት ደቂቃ ነው፣ አለ።

ወጣ እንዳልን የመልካሙ ማኪና ከፊታችን ታየኝ። ሸራው ተገፍፎ ተጠቅልሏል፤ ኋላው ላይ ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች ሞልተውበታል። አያ ካሴ ፊቱን ሸፈነ። ነገሩት፣ ሰማ አለ። ግን ማኪናው እየተንገዋለለ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ይሄዳል፣ ክንዱን በመስኮት አውጥቷል። ሴቶቹም አያለቅሱም።

ይርጋ ክላክስ እየነፋ አለፈውና ፊቱ ላይ ቆመ። መልካሙ ፈገግ ብሎ ወረደ። ከጋቢናው ወንበር ላይ አዲስ የጎማ ቦት ጫማ ተቀምጧል፤ ለአባቱ ለእርሻው የገዛው ነው።

«አያ ካሴ! ምነው በዚህ? እኔ እኮ ለቅሶ እሚሄዱ ሰዎች መንገድ ላይ አግኝቼ ጭኛቸው ነው የዘገየሁ።»

«የማን ለቅሶ አሉህ?» አለው አያ ካሴ።

«እማላውቃት ሴትዮ ናት አሉ፣ ከወንዙ ማዶ።»

ይኸን እያለ የአጎቱን ነጠላ አየ። እኔን አየ፣ ይርጋን አየ። ፈገግታው እፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። አያ ካሴ ቀርቦ ሁለት ክንዱን ያዘው፤ ይርጋም ሳይጠራ መጥቶ ከኋላው ቆመ።

«አባቴ ነው?»

«አዎ ልጄ።»

ይኸኔ ከማኪናው ላይ የነበሩት ሴቶች ያን ሁሉ መንገድ ያፈኑትን በአንድ ጊዜ ለቀቁት። መልካሙ ወደነሱ ዞሮ፣ ታውቁ ነበር አላቸው። አንዲት አሮጊት፣ ሲሳፈሩ የሟቹ ልጅ መሆኑን አውቃ የሴትዮዋን ወሬ የፈጠረችው እሷ ነች፣ ከጫፉ ላይ ጎንበስ ብላ መለሰችለት።

«እናውቅ ነበር የኔ ልጅ። ወገን ሳይኖርህ ምን ብለን እንንገርህ።»

ተንበርክኮ አለቀሰ፤ አያ ካሴና ይርጋ ያዙት። በኋላ ይርጋ ዳር ላይ እህል ከሚያበራይ ገበሬ ዘንድ ሄዶ ጥቂት ተነጋገረና ማኪናውን እዚያው ሜዳ ላይ ትቶ መጣ፤ የመልካሙን ማኪና እሱ ሊነዳ ነው። መልካሙን ደግፈው ሲያስገቡት ከኔ ፊት ደረሰ። ቆመ። ቁልፉን ዛሬ ከዚች እጄ የወሰደ ሰው ነው፤ ትክ ብሎ አየኝ፣ አላወቀኝም።

«አንቱስ የማን ወገን ነዎት?» አለኝ።

የማኪናህ ጠባቂ ነኝ ብል፣ እሱ እሚያውቀው ሞላን ነው። ያች አሮጊት እጇን ዘርግታ ማኪናው ላይ ስባ አወጣችኝ፤ ሴቶቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁልኝ። ነጠላዬን እንደነሱ አዘቀዘቅሁ፣ ማኪናው ተነሣ፣ እኔም ፊቱን አይቼ ለማላውቀው ሰው ማልቀስ ጀመርኩ።